ጀበናው ባቡር ሲሆን፦ ስለ አንዲት ተማሪ ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ስለ ባልንጀሮቿ እርማት

በአማርኛ «አረመ» የሚለው ግሥ ሁለት ሥራ አለው። ገበሬው ከማሳው ውስጥ አረሙን ሲነቅል አረመ ይባላል፤ መምህሩም የተማሪውን ጽሑፍ ተመልክቶ ስሕተቱን ሲያቀና አረመ ይባላል። ሁለቱም ሥራዎች አንድ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቃሉ። እጁ የቸኮለ አራሚ ከአረሙ ጋራ ጤፉን ይነቅላል፤ እጁ የሰነፈ ደግሞ ጤፉን በአረም ያስውጣል። ይህን ነገር ለማንሣት ያበቃን በጂቡቲ ከተማ፣ ሀራሙስ በተባለው ሰፈር፣ በአንድ ኢትዮጵያዊ ቤተ ሰብ ዘንድ ተገኝተን ያየነው ጉዳይ ነው።

ሀራሙስ ከባሕሩ አጠገብ ያለ፣ ኤምባሲዎችና ሰፋፊ የመኖሪያ ቤቶች የሚገኙበት ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። ዓርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ስለ ሆነ፣ በሥራ ምክንያት ወደ ከተማይቱ የሄድን እኛም ከአንድ የሥራ ባልደረባችን ቤት ለቡና ተጠርተን ነበር። ከውጭ የበረሓው ነፋስ አሸዋውን ስለሚያነሣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል። የቤቱ እመቤት ረከቦታቸውን ዘርግተው፣ ዕጣን አጢሰው ቡና ይቆላሉ። የባልደረባችን ልጅ፣ ዕድሜዋ 17 ዓመት የሆነ ተማሪ፣ ለትምህርት ቤቷ የምታቀርበውን አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከማስረከቧ በፊት ለባልንጀሮቿ አሳይታ አስተያየታቸውን ለመስማት አስባ ኖሮ፣ አምስት ተማሪዎች በአንድ ወገን ተሰብስበው ተቀምጠዋል። ከአምስቱ ሦስቱ የኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ሁለቱ የጂቡቲ ተወላጆች ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ፣ አንድ ጊዜ በአማርኛ ይነጋገራሉ። ከነርሱ ሌላ የልጅቱ የአጎት ልጅ የሆነ ጎልማሳ፣ ቀድሞ በምድር ባቡር ያገለገሉ አንድ ሽማግሌ፣ እኛም ነበርን። ሥራው እስኪረከብ ድረስ የቀረው ጊዜ 2 ሳምንት ብቻ ነው።

ለነገሩ እንግዳ የሆኑ አንባቢዎቻችን እንዳይቸገሩ ስለ ሥራው ዓይነት አስቀድመን ጥቂት እንናገራለን። አኒሜሽን የሚባለው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በእውነቱ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አይደለም። እያንዳንዱ ሥዕል በቦታው የቆመ ነው። ነገር ግን ጥቂት በጥቂት የሚለያዩ ሥዕሎች ተከታትለው በፍጥነት ሲያልፉ፣ ዓይን አንዱን ከሌላው ለይቶ ለማየት ስለማይችል እንደሚንቀሳቀሱ አድርጎ ይቀበላቸዋል። በሲኒማ ቤት የሚታይ ፊልም በአንድ ሰኮንድ ውስጥ 24 ምስሎች ያሳልፋል። ሠዓሊዎች ግን ድካማቸውን ለመቀነስ እያንዳንዱን ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ያነሡትና በሰኮንድ 12 ሥዕሎች ይበቃቸዋል። የዚች ልጅ ፊልም ርዝመቱ 50 ሰኮንድ ነው። እንግዲህ 12 በ50 ሲባዛ 600 ይሆናል፤ ልጅቱም 600 ሥዕሎች በእርሳስና በከሰል በወረቀት ላይ ሥላ፣ አንድ በአንድ በስልኳ ካሜራ አንሥታ፣ በኮምፒዩተር አቀናብራዋለች። ይህንንም ለመፈጸም አምስት ወር ያህል ፈጅቶባታል።

ከአኒሜሽን ዓይነቶች መካከል እርሷ የመረጠችው የለውጥ ሥዕል የሚባለውን ነው። በዚህ ዓይነት ሥዕል አንድ ነገር ከቦታ ወደ ቦታ በመሄድ ብቻ አይወሰንም፤ ተመልካቹ ዓይኑን ሳይነቅል እያየው መልኩን ለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል። በዚህ ፊልም መጀመሪያ ላይ አንድ ጥቁር ጀበና በከሰል ምድጃ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ከአፉ እንፋሎት ይወጣል። እንፋሎቱ እየጠቆረ ጭስ ይሆናል፤ የጀበናው አንገት የባቡር ጭስ መውጫ፣ ክብ ሆዱ ደግሞ ተዘርግቶ የባቡሩ ራስ ይሆናል። ባቡሩ ሜዳውን ሲያቋርጥ ፉርጎዎቹ በተራ ጀርባቸው እያበጠ የግመል ቅፍለት ይሆናሉ። የግመሎቹ ሻኛ የባሕር ሞገድ፣ የሞገዱ አረፋ ነጠላ ይሆናል። ከነጠላው ውስጥ አንድ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ ወዲያው ጀበናው ተመልሶ ይመጣል። ፊልሙም በዚህ ያበቃል።

ፊልሙ እንዳለቀ ሁሉም አጨበጨበ። አቦሉ የተቀዳውም በዚያን ጊዜ ነው። «ቆንጆ ነው!» «ግሩም ነው!» «በርቺ!» የሚለው ቃል ከየአቅጣጫው ወረደ። ልጅቱ አመስግና «ምኑ ነው ቆንጆ የሆነው?» ብላ ብትጠይቅ ግን መልስ የሰጣት አልነበረም። ምስጋናው ከልብ የወጣ መሆኑን አንጠራጠርም። ሆኖም ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ እርሳሷን ስታነሣ «ቆንጆ ነው» ከሚለው ቃል ምን ይዛ ትሄዳለች? የቱን ትተወው፣ የቱን ታቆየው? እንዲህ ያለው ውዳሴ ጎኑን ያልጠገበ ሰው «ጠግበሃል» እንደ ማለት ነው።

ቀጥሎ የተናገረው የአጎቷ ልጅ ነበር። «አምስት ወር ሙሉ ምን አደከመሽ? ዛሬ እኮ ሁለት ፎቶግራፍ ብትሰጪው ኮምፒዩተሩ ራሱ አንዱን ወደ ሌላው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይለውጥልሻል» አላት። ይህን ያለው በክፋት አልነበረም፤ የተናገረውም ሐሰት አይደለም። ልጅቱ ግን መልስ አልሰጠችም። የኮምፒዩተሩን ክዳን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በቤቱ ውስጥ ጸጥታ ሆነ፤ ከጀበናው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። እኛም በልባችን ይህ ሥራ ለትምህርት ቤቱ ሳይቀርብ ይቀር ይሆን ብለን ሠጋን።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን ያ ጎልማሳ ስላነሣው ነገር እንናገር። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) የለውጥ ሥዕል ከአኒሜሽን ጋራ አብሮ የተወለደ ጥበብ ነው። ፈረንሳዊው ኤሚል ኮል «ፋንታስማጎሪ» የተባለውን ፊልሙን በነሐሴ ወር 1908 ዓ.ም. በፓሪስ ባሳየ ጊዜ፣ ሥራው ወደ 700 የሚጠጉ ሥዕሎች የያዘ፣ ከሁለት ደቂቃ ያነሰ ፊልም ነበረ። በዚያ ፊልም ውስጥ አንዱ ነገር ሳይታሰብ ሌላውን እየሆነ ይሄዳል። የደቡብ አፍሪቃው ሠዓሊ ዊልያም ኬንትሪጅ ደግሞ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በአንድ ወረቀት ላይ በከሰል እየሣለ፣ እየፋቀ፣ እንደገና እየሣለና እያንዳንዱን ለውጥ በካሜራ እያነሣ ፊልም ሠርቷል። የተፋቀው ከሰል ጨርሶ ስለማይጠፋ ያለፈው ነገር ጥላ ሆኖ በወረቀቱ ላይ ይቀራል።

ከኛም ወገን በዚህ ጥበብ የታወቁ አሉ። አቶ ዕዝራ ውቤ በ1980 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልደው በ18 ዓመታቸው ወደ አሜሪካ የሄዱ ሠዓሊ ናቸው። የሥራቸው ዘዴ የሚያስደንቅ ነው። በአንድ ሸራ ላይ በቀለም ይሥላሉ፤ ፎቶግራፍ ያነሡታል፤ በዚያው በሸራው ላይ ሌላውን ደርበው ይሥላሉ፤ እንደገና ያነሡታል። በመጨረሻ በሸራው ላይ የሚቀረው አንድ ሥዕል ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት ሁሉ በፊልሙ ውስጥ ብቻ ይኖራሉ። በ2011 ዓ.ም. በዚህ ዘዴ የሠሩት «ሒሳብ» የተባለው ፊልም የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን የአህያን፣ የውሻንና የፍየልን የታክሲ ጉዞ ተረት ይዟል። እንደ ተረቱ አነጋገር አህያ ሒሳቧን አስተካክላ ስለ ከፈለች መኪና ሲመጣ ከመንገድ አትነቃነቅም፤ ፍየል ሳትከፍል ስለ ወረደች መኪና ስታይ ትሸሻለች፤ ውሻ ደግሞ መልሱን ስላልተቀበለ እስከ ዛሬ መኪና ያባርራል። ለሕፃናት በሚቀርበውም የቴሌቪዥን ትምህርት በኩል ወይዘሮ ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ያዘጋጁት «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየቱ ይታወሳል።

እነዚህ ሁሉ ሲታዩ ጎልማሳው ያነሣው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ኮምፒዩተር ሁለት ምስሎች ተቀብሎ መካከላቸውን መሙላት ይችላል። ጀበናው ስለ ምን ባቡር እንዲሆን፣ ባቡሩስ ስለ ምን ሌላ ነገር ሳይሆን ግመል እንዲሆን የሚወስነው ግን ሠዓሊው ነው። በዚያ ሰዓት ግን ይህን ሁሉ ለመናገር አልቸኮልንም፤ ደግሞም ከኛ የተሻለ ተናጋሪ ተገኘ። ሽማግሌው ሲኒያቸውን አስቀምጠው «ባቡሩ ሲመጣ ግመል ይቀራል ተብሎ ነበር አሉ፤ ይኸው ግመሉም አለ። ክፈቺው ልጄ፤ እኔ ዓይኔ ደካማ ነው፣ እንደገና ቀስ ብለን እንየው» አሏት። ልጅቱም ከፈተችው።

ነገሩን ያዳነው ይህ «እንደገና እንየው» የሚለው ቃል ነው። አማርኛን በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን «አስተያየት» የሚለው ቃል «አየ» ከሚለው ግሥ የመጣ መሆኑን ልብ ይበሉ። አስተያየት የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ማየት አለበት። ያላየ ሰው የሚሰጠው ነገር ውዳሴ ወይም ነቀፋ ሊሆን ይችላል፤ አስተያየት ግን አይሆንም። ውዳሴ ሥራውን ያከብራል፣ ነቀፋ ሥራውን ይጥላል፣ እርማት ግን ሥራውን ያሳድጋል። ልዩነታቸው ይህ ነው።

ቶናው ሲቀዳ ተማሪዎቹ ፊልሙን በየቦታው እያቆሙ ማየት ጀመሩ። በመጀመሪያ የተናገረው ከጂቡቲ ተወላጆቹ አንዱ ነበር። «ይህ ግመል የፈረስ አካሄድ ነው የሚሄደው» አለ። «ግመል ሲራመድ የአንድ ወገን የፊቱንና የኋላውን እግር ባንድነት ያነሣል። ቀጥሎ የሌላውን ወገን። ሰውነቱ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዘውም ስለዚህ ነው» ብሎ በጠረጴዛው ላይ በሁለት እጆቹ ጣቶች አካሄዱን አሳየ። ሁሉም ሣቀ፤ ልጅቱም አብራ ሣቀችና ወዲያው ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ይህ እርማት ምን ያህል የጠራ እንደ ሆነ ይታይልን። ስሕተቱ የት እንዳለ፣ ስለ ምን ስሕተት እንደ ሆነ፣ እንዴትስ እንደሚቀና በአንድ ጊዜ ይነግራል።

ቀጥላ የክፍል ጓደኛዋ ስለ ለውጦቹ ተናገረች። «ጀበናው ባቡር ሲሆን ተከትዬዋለሁ፤ ምክንያቱም አንገቱ በቦታው እንዳለ ነው የጭስ መውጫ የሆነው። ፉርጎው ግመል ሲሆንም የሚለወጠው ጀርባው ብቻ ነው። ሞገዱ ነጠላ ሲሆን ግን ቅርጹም፣ ቀለሙም፣ ያለበትም ቦታ በአንድ ጊዜ ተለወጠብኝ። የትኛውን ልያዝ?» አለቻት። የዚህ ጥበብ ዋና ምሥጢር በእውነት ይህ ነው። ዓይን የሚመራበት ገመድ ያስፈልገዋል። አንዱ ነገር ሲለወጥ ሌላው መቆየት አለበት፤ ሁሉም አንድ ጊዜ ከተለወጠ ለውጥ መሆኑ ይቀርና አንዱ ሥዕል ጠፍቶ ሌላ የተተካ ይመስላል።

ሽማግሌውም በተራቸው ስለ ባቡሩ ተናገሩ። የባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ መዘርጋት የጀመረው በ1897 ዓ.ም. እንደ ሆነ፣ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ እንደ ደረሰ አስታውሰው፣ «አያትሽ ከድሬዳዋ ሲመጡ የተሳፈሩት በናፍጣ የሚሄደውን ነው፤ እንዲህ ያለ የእንፋሎት ባቡር አላገኙም። የዛሬው ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው፣ ጭስም የለው» አሉ። ልጅቱም «አውቃለሁ አባባ፤ ግን የቡናው እንፋሎት ወደ ሌላ ነገር እንዲሻገር ጭስ ያስፈልገኛል» ብላ በትሕትና መለሰች። ሽማግሌውም «እንግዲያስ ይጭስ!» ብለው ፈቀዱላት። እርማት ሰጪው እውነቱን ተናገረ፤ የሥራው ባለቤት ደግሞ ሰምታ፣ መዝና፣ ምክንያቷን ገልጣ ሳትቀበለው ቀረች። ይህም ቢሆን ደኅና እርማት ነው፤ እርማት ትእዛዝ አይደለምና።

እኛም ዝም ብለን አልተቀመጥንም። የመሥሪያ ቤት ልማድ ሆኖብን፣ ተመልካቹ እንዳይቸገር በየለውጡ ላይ አጭር ጽሑፍ ቢጨመርበት መልካም ነው ብለን አሳሰብን። ልጅቱ ጥቂት አሰበችና «እርስዎ እንዳሉት ብጽፍበት ይነበባል እንጂ አይታይም» አለችን። ለጊዜው ፊታችን ቀላ ብሎ ነበር። በኋላ ስናስበው ግን ስሕተቱ የኛ ነው። እርሷ የሥዕል ሥራ ስትሠራ እኛ ማስታወሻ እንድትጽፍ ጠየቅናት። እያንዳንዱ አስተያየት ሰጪ የራሱን ሙያ ይዞ እንደሚመጣ ከዚህ ተማርን።

በረካው በተቀዳ ጊዜ ከሁሉ ታናሽ የሆነችው ተማሪ «ከነጠላው በኋላ ብልጭ ያለው ነገር ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሁላችንም ያንኑ ለመጠየቅ ፈርተን ኖሯል። ልጅቱ ወዲያው አልመለሰችም። በኋላ «አያቴ ናት» አለች። የአያቷ ፊት በፊልሙ ውስጥ የቆየው ለ6 ሥዕሎች፣ ማለት ለግማሽ ሰኮንድ ብቻ ነው፤ ለዚህም ነው ማናችንም ያላየነው። አያቷ በድሬዳዋ ካረፉ ሁለት ዓመት አልፏል። ልጅቱ ለመጨረሻ ጊዜ ያየቻቸው የ9 ዓመት ልጅ ሳለች ነው። «ፊቷን በደንብ አላስታውሰውም፤ ከፎቶግራፍ ላይ ብገለብጠው ደግሞ እርሷን አልመስል አለኝ። ስለዚህ በፍጥነት አሳለፍኩት» አለች። እናቷ ጀበናውን እንደ ያዙ ቀሩ።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ «ፊቱን አርዝሚው» ወይም «ፊቱን ተዪው» ቢል ኖሮ ሁለቱም ትክክል ሊመስል ይችል ነበር። የክፍል ጓደኛዋ ግን ጥያቄ ጠየቀቻት። «ታዲያ ምኗን ነው ደኅና አድርገሽ የምታስታውሺው?» ልጅቱም ሳታስብ «እጇን» አለች። «ጀበናውን በቀኝ እጇ ስታጋድል በግራዋ የነጠላዋን ጫፍ ትይዘው ነበር፤ እሳቱ እንዳይነካው።» ጓደኛዋ ሌላ ነገር አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋትም።

ስለ እርማት ስናወራ ከራሳችን የትምህርት ዘመን አንድ ነገር ብንናገር አንባቢዎቻችን እንደማይቀየሙን ተስፋ እናደርጋለን። የአፍ መፍቻችን ትግርኛ ስለ ሆነ አማርኛን በወጉ ያጠናነው በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በትግርኛ «ሐ» እና «ዐ» ከጉሮሮ የሚወጡ፣ ከ«ሀ» እና ከ«አ» የተለዩ ድምፆች ናቸው። በአማርኛ ግን ፊደሉ ይለያያል እንጂ ንባቡ አንድ ነው። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ተነሥተን ስናነብ «ዓለም» የሚለውን ቃል እንደ አገራችን ልማድ ከጉሮሮ አወጣነው። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ መምህሩም አብረው ሣቁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ለንባብ እጃችንን አላነሣንም። ያዳነን አንድ ባልንጀራ ነው። ከትምህርት በኋላ ለብቻችን ጠርቶ «ንባብህ ከኔ ይሻላል። አንዲት ፊደል ብቻ አለላህ በጉሮሮ የምትወጣ። እኔም ያንተን ‹ዐ› ለማውጣት ስሞክር አቃተኝ፤ እስቲ አስተምረኝ» አለን። ስሕተታችንን ነገረን፤ ነገር ግን ስሕተቱ በሌላ ቦታ ዕውቀት መሆኑንም አብሮ ነገረን። አማርኛን የሚማሩ ባልደረቦቻችን ዛሬም እንደዚያ ያለ ባልንጀራ ቢገጥማቸው እንዴት መልካም ነበር!

የባልንጀራ እርማት ከውጭ የመጣ ልማድ ነው የሚል ሰው ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት ይመልከት። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎም ዋድላ በቅኔ ትምህርት ስማቸው የታወቀ ነው። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ማለት በአሳቡ ያዘጋጃል። ቀጥሎ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩም የጎደለውን ይሞሉለታል፣ የጠመመውን ያቀኑለታል፤ ጓደኞቹም እርስ በርሳቸው ይከራከሩበታል። የክርክሩም ዋና ነጥብ ሰሙ ከወርቁ ጋራ ይገጥማል ወይስ አይገጥምም የሚል ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው ቅርጹን አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በሰሙ ቦታ ይፈስሳል። በቅኔም ሁለቱን ምሥጢሮች ባንድነት የሚሸከመው ቃል ኅብረ ቃል ይባላል። የጀበናው አንገት የባቡሩ ጭስ መውጫ ሲሆን ያየነው እርሱኑ ነው። አንገቱ ለሁለቱም ሥዕሎች ኅብረ ቃል ሆነላቸው። ሞገዱና ነጠላው ግን ገና ኅብር አላገኙም ነበር። ተማሪዎቹ ቅኔ ቤት ገብተው አያውቁም፤ የጠየቁት ጥያቄ ግን የቅኔ ቤት ጥያቄ ነው።

ሥራችን ሳያልቅ ስለ ዘገየ ከሁለት ሳምንት በኋላ በዚያው ቤት እንደገና ተገኘን። ልጅቱ ሥራዋን ለትምህርት ቤቷ ልታስረክብ አንድ ቀን ሲቀራት ለሁላችንም አሳየችን። ግመሎቹ አሁን የግመል አካሄድ ይሄዳሉ። ሞገዱ በመጀመሪያ በቦታው ይቆማል፤ ቀጥሎ ይነጣል፤ ከዚያ በኋላ በጠርዙ ላይ ጥበቡ ይታያል፤ እንዲህ ሆኖ ነጠላ ይሆናል። የባቡሩ ጭስ እንደ ነበረ ነው። እኛ ያልነው ጽሑፍ የለበትም። 6ቱ የፊት ሥዕሎች ወጥተው በምትካቸው አንዲት እጅ የነጠላውን ጫፍ ይዛ ትታያለች፤ ሌላዋ እጅ ጀበናውን ታጋድላለች። ይህችም ሥዕል ለ2 ሰኮንድ ሳትንቀሳቀስ ትቆያለች። አንድ ሥዕል ቆሞ እንዲታይ ሲፈለግ ያንኑ ደጋግሞ ማሳለፍ ስለሚበቃ ተጨማሪ ሥዕል አይጠይቅም። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የከበደችው ቦታ ከሁሉ ያነሰ ሥዕል የፈጀች ቦታ ሆነች።

የአጎቷ ልጅ በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ ማታ ማታ ወረቀቱን እያስተካከለና መብራቱን እየያዘ ሲረዳት እንደ ሰነበተ ሰማን። ፊልሙ ሲያልቅ እርሱም እንደ ሌሎቹ ዝም ብሎ ነበር። የልጅቱ እናት ብቻ ወደ ኮምፒዩተሩ ጠጋ ብለው «እጇ ነው» አሉ። ከዚያም ድገሚው አሏት።

ከዚህ በመነሣት በየቤቱ ልጆች ላሏቸው ወላጆችና በየመሥሪያ ቤቱ የሰው ሥራ ለሚመረምሩ ባልደረቦቻችን ጥቂት ነገር ማሳሰብ እንወዳለን። አንደኛ፣ ሥራውን ሁለት ጊዜ ሳያዩ አንድ ጊዜም አይናገሩ። ሁለተኛ፣ ሲያመሰግኑም ሲያርሙም ቦታውን ለይተው ያመልክቱ፤ «ቆንጆ ነው» ከማለት «አንገቱ ጭስ መውጫ የሆነበት ቦታ ተከትዬዋለሁ» ማለት ይበልጣል። ሦስተኛ፣ ባለሥራው ምን ለማድረግ እንዳሰበ ሳይጠይቁ ምን ማድረግ እንደሚገባው አይንገሩት። አራተኛ፣ አምስት ወር የደከመበትን ሰው «በከንቱ ደከምህ» አይበሉት፤ ድካሙ ከንቱ ቢሆን እንኳ እርሱ ራሱ በጊዜው ይደርስበታል። አምስተኛና የመጨረሻው፣ የሰጡት እርማት ሳይፈጸም ቢቀር አይቀየሙ። አራሚው ማሳው ውስጥ ገብቶ ይወጣል፤ እህሉን አሳድጎ የሚያጭደው ግን ባለ ማሳው ነው።